በቁሙ የተመሰገነው ተጫዋች

ኤፕሪል 18 ቀን 1923 በኒውዮርክ ከተማ ሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች ተካሄዱ። አንደኛው በብሮንክስ ነበር። በዚያን ዕለት ያንኪ ስታዲየም ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ለሕዝብ ከፈተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ጎረፈ፤ የዘመኑ ዝነኛ ቤብ ሩትም አዲሱን ሜዳ በሆም ረን መረቀው። ሁለተኛው ጨዋታ ከሃርለም ወንዝ ማዶ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚገኘው ሳውዝ ፊልድ ላይ ነበር። እዚያ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ የዊሊያምስ ኮሌጅን መቺዎች 17 ጊዜ በስትራይክ አስወጣ። እንዲያም ሆኖ ቡድኑ 5 ለ 1 ተሸነፈ። የከተማው ወሬ የስታዲየሙ ምረቃ ስለነበር ተማሪውን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

የተማሪው ስም ሄንሪ ሉዊስ ጌሪግ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ሉ ጌሪግ በሚለው ነው። አሜሪካውያን ዛሬ ለታላላቅ ተጫዋቾቻቸው ከሚሰጧቸው ክብሮች አንዱና ትልቁ፣ ተጫዋቹ የለበሰውን የማሊያ ቁጥር ዳግመኛ ለማንም አለመስጠት ነው። ይህ ልማድ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ፣ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ የተጀመረው በእሱ ነው። ልማዱ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ ለማየት የሦስት የኮሌጅ ተጫዋቾችን ሕይወት መከተል ይበቃል። አንዱ በቁሙ ተመሰገነ። አንዱ ምስጋናው ለጥቂት ደረሰለት። ሦስተኛው ግን መቃብሩ ላይ እንኳ ስሙ ሳይጻፍ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በቤዝቦል አንደኛው ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ወርዋሪው ከ18 ሜትር በላይ ርቆ ኳሱን ወደ መቺው ይልካል፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ቀላቢ ደግሞ ያለፈውን ኳስ ይቀልባል። ሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ሦስት የሳተው ወይም ያሳለፈው ትክክለኛ ኳስ፣ የተቆጠረበት መቺ ይወጣል። ኳሱን ከመታ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ቤዞች እየረገጠ ይሮጣል፤ ዞሮ መነሻው ከደረሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ነው። ኳሱን ከሜዳው አጥር ካሻገረው ሆም ረን ይባላል። ጨዋታው ከባድ ስለሆነ ከአሥር ሙከራ ሦስቱ የሰመረለት መቺ ጎበዝ ተብሎ ይቆጠራል።

የአሜሪካ ኮሌጆች ይህን ጨዋታ የያዙት ገና በማለዳው ነው። የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ ጁላይ 1 ቀን 1859 በማሳቹሴትስ ግዛት በፒትስፊልድ ከተማ ተካሄደ። አምኸርስት ኮሌጅ ዊሊያምስን 73 ለ 32 አሸነፈ። ሁለቱ ኮሌጆች በዚያው ጉዞ በቼዝም ተጋጥመው በዚያም አምኸርስት ረታ። በስድስት ዓመቱ የሃርቫርድ ቤዝቦል ተጫዋቾች የዩኒቨርሲቲያቸውን የመጀመሪያ ፊደል በደረታቸው ላይ ጠልፈው ብቅ አሉ። ያች ፊደል ቆይታ በመላ አገሪቱ የኮሌጅ ስፖርተኛ መለያ ክብር ሆነች፤ በዋናው ቡድን ተሰልፎ ያገለገለ ተማሪ ፊደሉን አገኘ ይባልለታል፣ እስኪያረጅም ሹራቡን በክብር ያስቀምጣል። እንግዲህ ገንዘብም ዋንጫም ሳይኖር በፊት ክብሩ በልብስ ላይ ይጻፍ ነበር ማለት ነው።

ሉ ጌሪግ ወደ ኮሎምቢያ የመጣው በዚህ ልማድ መሀል ነው። የተወለደው ጁን 19 ቀን 1903 በማንሃተን ነው። አባቱ ሃይንሪሽና እናቱ ክርስቲና ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከወለዷቸው አራት ልጆች ከሕፃንነት ያለፈው ሉ ብቻ ነው። አባቱ የቆርቆሮ ሠራተኛ ቢሆንም በሕመም ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሥራ ይቀር ስለነበር የቤቱ ሸክም በእናቱ ላይ ወደቀ። ክርስቲና በኮሎምቢያ በአንድ የተማሪዎች ማኅበር ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች፤ ልጇም ገበታ እያቀረበ ያግዛት ነበር። በዚያን ጊዜ ባለጸጋ ልጆች በሚበዙበት ግቢ ውስጥ የወጥ ቤቷ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል ማንም ስደተኛ ቤተሰብ ያውቀዋል።

ችሎታው የታየው ግን ኮሌጅ ሳይገባ ነው። ጁን 26 ቀን 1920 የኒውዮርክ ኮሜርስ ትምህርት ቤት ቡድን ቺካጎ ሄዶ ሌን ቴክ ከተባለው ትምህርት ቤት ጋር ተጋጠመ። ቦታው ዛሬ ሪግሊ ፊልድ የሚባለው የቺካጎ ከብስ ሜዳ ነበር። በዘጠነኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ዙር፣ ሦስቱም ቤዞች በሯጮች ተሞልተው ሳለ የ17 ዓመቱ ጌሪግ ኳሱን ከስታዲየሙ ውጭ አሳረፈው። የጎልማሶች ሜዳ ላይ እንዲህ የመታ የትምህርት ቤት ልጅ ስሙ ወዲያው ጋዜጣ ላይ ወጣ።

በ1921 ኮሎምቢያ የገባው በአሜሪካ ፉትቦል ችሎታው ባገኘው ነጻ የትምህርት ዕድል ሲሆን የጀመረውም የምህንድስና ትምህርት ነው። በዚያው ክረምት ግን አንድ ስህተት ሠራ። ገንዘብ ለሚከፍል የሃርትፎርድ ክለብ በሐሰት ስም 12 ጨዋታ ተጫወተ። ኮሌጆች በገንዘብ የሚጫወትን ሰው አያሰልፉም ነበርና ነገሩ ሲታወቅ ለአንድ ዓመት ከኮሌጅ ውድድር ታገደ። የታገደው ጊዜ አልፎ በ1922 መጸው በፉትቦል፣ በ1923 ጸደይ በቤዝቦል ለኮሎምቢያ ተሰለፈ። በቤዝቦል የተጫወተው ያንን አንድ ወቅት ብቻ ነው።

አንድ ወቅት ግን በቃው። አሰልጣኙ ቀድሞ በሜጀር ሊግ ወርዋሪ የነበረው አንዲ ኮክሊ ነው። ጌሪግ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ይወረውራል፣ ሌላ ቀን አንደኛ ቤዝ ይጠብቃል፣ ሌላ ጊዜ ከሜዳው ጥግ ይቆማል። በመወርወር ስድስት ጊዜ አሸንፎ አራት ጊዜ ተሸነፈ። በመምታት አማካዩ .444 ነበር፤ ከዘጠኝ ሙከራ አራቱ ሰመሩለት ማለት ነው። ሰባት ሆም ረንም መታ። ዛሬ በኮሎምቢያ በትለር ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ተማሪዎች የሚያርፉበት ሣር ያ ሳውዝ ፊልድ ነው። ከዚያ የመታት አንዲት ኳስ ግቢውን አልፋ 116ኛው ጎዳና ከብሮድዌይ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ እንዳረፈች ይነገራል፤ ርቀቷም 137 ሜትር ያህል እንደነበር።

ይህን ያየው የኒውዮርኩ ክለብ የያንኪዎች ተጫዋች መልማይ ፖል ክሪቸል ነው። ክሪቸል መጀመሪያ ጌሪግን ያየው ኮሎምቢያ ከራትገርስ ጋር ሲጫወት ነበር፤ ልጁ በዚያ ጨዋታ ሁለት ሆም ረን መታ። ክሪቸል ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ ሌላ ቤብ ሩት እንዳገኘ ነገረው። ያንኪዎች 1,500 ዶላር የፊርማ ክፍያ አቀረቡ። በወጥ ቤት ደሞዝ ለሚኖር፣ አባት በታመመበት ቤት ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። እናቱ ልጇ መሐንዲስ ሆኖ ማየት ትመኝ ነበር፤ የሕክምናውና የኪራዩ ዕዳ ግን ጊዜ አልሰጠም። ጌሪግ ትምህርቱን አቋርጦ ፈረመና ጁን 15 ቀን 1923 ለመጀመሪያ ጊዜ በያንኪ ማሊያ ሜዳ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ የተተረከ ነው። ጁን 1 ቀን 1925 ፒ ዊ ዋኒንገር የተባለውን ተጫዋች ተክቶ ለአንድ ሙከራ ዱላ ያዘ። ዋኒንገር ራሱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የኤቨረት ስኮትን ቦታ የወሰደ ነበር፤ ስኮት ደግሞ 1,307 ጨዋታ ሳያቋርጥ በመሰለፍ የወቅቱን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። የአንዱ ተራ ባበቃበት የጸደይ ወቅት የሌላው ተጀመረ። በማግስቱ ጌሪግ በዋሊ ፒፕ ምትክ በአንደኛ ቤዝ ቆመና ለ14 ዓመት ከዚያ አልተነሳም። በተከታታይ 2,130 ጨዋታ ተሰለፈ። ታመመ፣ ተመታ፣ ጀርባው ተያዘ፤ አልቀረም። ጋዜጦች «የብረት ፈረስ» አሉት። በኋላ እጆቹ በራጅ ሲታዩ ታክመው ሳይሆን በራሳቸው የዳኑ ብዙ ስብራቶች ተገኙባቸው።

በ1927 እና በ1936 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በ1934 በሊጉ በመምታት አማካይ፣ በሆም ረንና ነጥብ በማስገባት ሦስቱንም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሆም ረኑ ብቻ 49 ነበር። ከያንኪዎች ጋር ስድስት ጊዜ የወርልድ ሲሪስ ሻምፒዮን ሆነ። በሕይወት ዘመኑ 493 ሆም ረን መታ፣ አማካዩም .340 ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን የሰው ዓይን መጀመሪያ በቤብ ሩት፣ ቀጥሎ በጆ ዲማጂዮ ላይ ነበር። ጁን 3 ቀን 1932 በፊላደልፊያ በአንድ ጨዋታ አራት ሆም ረን በመታ ዕለት እንኳ የኒውዮርክ ጃይንትስ አሰልጣኝ ጆን ማግሮው ከ30 ዓመት በኋላ ሥራውን መልቀቁ ዋናውን ዜና ወሰደው። ጌሪግ በዚህ ሲያማርር የሰማው የለም።

በ1938 ጉልበቱ መቀነስ ጀመረ። በ1939 ወቅት መጀመሪያ ስምንት ጨዋታ ተጫውቶ ከ28 ሙከራ አራት ብቻ መታ። ሜይ 2 ቀን በዲትሮይት ወደ አሰልጣኙ ጆ ማካርቲ ሄዶ ከዛሬው ጨዋታ አስቀረኝ አለ። በጁን ወር ሚኒሶታ ወደሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ሄደ። በ36ኛ ዓመት ልደቱ ቀን የተነገረው ውጤት ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው በሽታ ነበር፤ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም።

ያንኪዎች ያደረጉት ነገር የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። ሞቱን አልጠበቁም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ጁላይ 4 ቀን 1939፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ የሉ ጌሪግ የምስጋና ቀን ተብሎ ታወጀ። ከዋሽንግተን ሴናተርስ ጋር በዚያን ቀን በተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች መካከል ሜዳው ለሥነ ሥርዓቱ ተለቀቀ። 61,808 ሰው ነበር። ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ተገኙ። የ1927ቱ ቡድን አባላት ከያሉበት ተጠርተው መጡ፤ ቤብ ሩትም፣ ቦታውን ያስረከበው ዋሊ ፒፕም፣ ክብረ ወሰኑ በጌሪግ የተሰበረበት ኤቨረት ስኮትም እዚያው ነበሩ። ለዓመታት ሲፎካከራቸው የኖረው ኒውዮርክ ጃይንትስ ስጦታ ላከ፤ የስታዲየሙ ሠራተኞችም እንዲሁ። የቡድን ጓደኞቹ የሰጡት ዋንጫ ላይ የኒውዮርክ ታይምስ ስፖርት ጸሐፊ ጆን ኪራን ስለ እሱ የጻፈው ግጥም ተቀርጾ ነበር። ጌሪግ ዋንጫውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ክንዶቹ ሊሸከሙት አልቻሉም።

መናገር አልፈለገም ነበር። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ አልበቃ ሲል፣ ማካርቲም ሲያደፋፍረው፣ ወደ ማይክራፎኑ ቀረበ። ክፉ ዕድል እንደገጠመው ሁሉም እንደሰማ ጠቅሶ ራሱን ግን በምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ዕድለኛ አድርጎ እንደሚቆጥር ተናገረ። ከዚያ አንድ በአንድ አመሰገነ፤ አሰልጣኞቹን፣ ጓደኞቹን፣ ተቀናቃኞቹን፣ የሜዳ ሠራተኞቹን፣ እሱን ለማስተማር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን አባትና እናቱን፣ ባለቤቱን ኤሊነርን። ቤብ ሩት መጥቶ አቀፈው። ሁለቱ ለዓመታት ተኳርፈው ነበር።

የምስጋናው ቀን በስጦታ ብቻ አላበቃም፤ ያንኪዎች 4 ቁጥርን ዳግም ለማንም ላለመስጠት ወሰኑ። ክለቡ በማሊያ ጀርባ ላይ ቋሚ ቁጥር ማድረግ የጀመረው በ1929 ሲሆን ቁጥሮቹም የተደለደሉት በመቺዎች ተራ ነበር። ሦስተኛ የሚመታው ሩት 3፣ አራተኛ የሚመታው ጌሪግ 4 ለበሱ። ለተመልካች መለያ እንዲሆን የተሰፋ ጨርቅ በአሥር ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው ስም ምትክ ሆነ። በያንኪዎች ታሪክ 4 ቁጥርን የለበሰ ሌላ ተጫዋች የለም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር የተለመደውን ደንብ አልፎ በልዩ ምርጫ ኩፐርስታውን ወደሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ አስገባው።

ከክብሩ በኋላ የነበረው ሕይወቱም መነገር ይገባዋል። ላጋርዲያ በኒውዮርክ የእስረኞች የአመክሮ ኮሚሽን አባል አድርገው ሾሙት፤ ከዚያ የበለጠ ደመወዝ የሚያስገኙ ግብዣዎች እያሉ እሱ ይህን መረጠ። እጁ ብዕር መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ቢሮ ገባ። ጁን 2 ቀን 1941፣ የዋሊ ፒፕን ቦታ ከተረከበ ልክ በ16 ዓመቱ፣ በ37 ዓመት ዕድሜው አረፈ። በኮሌጅ አባል የነበረበት ፋይ ዴልታ ቴታ የተባለው የተማሪዎች ማኅበር በ1955 በስሙ ሽልማት አቋቋመ፤ ሽልማቱ እስከ ዛሬ በጸባዩም በጨዋታውም እሱን ለሚመስል ተጫዋች ይሰጣል። ተከታታይ የመሰለፍ ክብረ ወሰኑን የሰበረው ካል ሪፕከን ነው፤ ይህም በ1995፣ ከ56 ዓመት በኋላ። ከ2021 ጀምሮ ሜጀር ሊጉ በየዓመቱ ጁን 2ን የሉ ጌሪግ ቀን አድርጎ ያከብራል፤ ለኤ.ኤል.ኤስ. ምርምርም ገንዘብ ይሰበሰብበታል።

ሁሉም የኮሌጅ ኮከብ ግን እንዲህ አልተደረገለትም።

ሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከር በ1856 በኦሃዮ ግዛት ማውንት ፕሌዘንት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ጥቁር ተማሪዎችን ከ1835 ጀምሮ ይቀበል በነበረው ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረ። ኦበርሊን በ1881 የመጀመሪያውን ዋና የቤዝቦል ቡድኑን ሲያቋቁም ፍሊትዉድና ወንድሙ ዌልዲ አባል ሆኑ። በዚያ ወቅት ቡድኑ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲን 9 ለ 2 አሸነፈ። ዎከር በማግስቱ ዓመት ወደዚያው ሚቺጋን ተዛውሮ ሕግ እየተማረ ተጫወተ። ቦታው ቀላቢ ነበር። በዚያ ዘመን የዛሬው ወፍራም ጓንት አልነበረም፤ እሱ ብዙውን ጊዜ በባዶ እጁ ይቀልብ ስለነበር ጣቶቹ ይሰበሩ ነበር።

በ1883 ለቶሊዶ ክለብ ፈረመ። በኦገስት 10 ቀን የቺካጎ ቡድን ለወዳጅነት ግጥሚያ ሲመጣ ካፕ አንሰን የተባለው የዘመኑ ስመ ጥር ተጫዋች ጥቁር ካለበት ሜዳ አልገባም አለ። የቶሊዶ አሰልጣኝ ዎከርን ሊያሳርፈው አስቦ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን አሰለፈው፣ ካልተጫወታችሁ ከትኬቱ ገንዘብ ድርሻ የላችሁም አላቸው። አንሰን ገባ። በ1884 ቶሊዶ ወደ ሜጀር ሊግ አደገና ዎከር 42 ጨዋታ ተሰልፎ .263 መታ። በቨርጂኒያ ግዛት ሪችመንድ ሲጠበቁ ዎከር ሜዳ ከታየ ሰዎች ተደራጅተው እንደሚያጠቁት የሚዝት ደብዳቤ ለአሰልጣኙ ደረሰ። የራሱ ቡድን ወርዋሪ ቶኒ ሙሌን እንኳ ከጥቁር ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ የቀላቢውን ምልክት ችላ ይል ነበር፤ ሙሌን ከብዙ ዓመት በኋላ አብረውት ከሠሩት ቀላቢዎች ሁሉ ዎከር ምርጡ እንደነበር መሰከረ።

በጁላይ 1887 ኢንተርናሽናል ሊግ ለአዲስ ጥቁር ተጫዋቾች ፊርማ እንዳይሰጥ ወሰነ። በሩ ቀስ በቀስ ተዘጋ። ዎከር ከሜዳ ከወጣ በኋላ የፈጠራ ባለመብት ሆነ፣ ቲያትር ቤት አስተዳደረ፣ ከወንድሙ ጋር ጋዜጣ አዘጋጀ። በ1924 በ67 ዓመቱ ሞተ፤ በስቱበንቪል ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ። ጥቁሮች የራሳቸውን ክለቦችና ሊጎች አቋቁመው ቀጠሉ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያን ስም ይዞ አገር ላገር ይዞር የነበረ ክለብ እንኳ ነበር፤ «ኢትዮጵያን ክላውንስ» ይባል ነበር፣ በ1943 ወደ ጥቁሮች ሊግ ሲገባ የኢትዮጵያን ስም ተወ። በኋላ ታዋቂ ተጫዋች የሆነው ወጣቱ ሃንክ አረን በ1952 የተጫወተው በዚሁ ክለብ ነው።

ዎከርን ያስታወሰው በመጨረሻ ኮሌጁ ነው። ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ የኦበርሊን የቀድሞ ስፖርተኞች ክበብ ከዝነኞቹ መካከል ስሙን መዘገበ፤ መቃብሩም ላይ ድንጋይ አቆመ። የኦሃዮ ምክር ቤትም በ2017 የልደቱን ቀን ኦክቶበር 7ን በስሙ ሰየመ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ዎከር አልሰማውም።

ከዎከር በኋላ ለ63 ዓመት ተዘግቶ የቆየውን የሜጀር ሊግ በር የከፈተው ሌላ የኮሌጅ ተጫዋች ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1919 በጆርጂያ ግዛት ተወልዶ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና አደገ። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ ብር ያገኘ ሯጭ ነው። ጃኪ ከ1939 እስከ 1941 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በፉትቦል፣ በቅርጫት ኳስ፣ በአትሌቲክስና በቤዝቦል በአራቱም ፊደል ያገኘ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሆነ። በ1940 የአገሪቱ ኮሌጆች የርዝመት ዝላይ አሸናፊ ነበር። ደካማ የተባለው በቤዝቦል ነው። በመጀመሪያ ጨዋታው አራት ጊዜ መትቶ አራት ቤዝ ቢሰርቅም (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው) ወቅቱን የጨረሰው በ.097 አማካይ ነው፤ ከአሥር ሙከራ አንድ እንኳ አልሞላለትም። ያን ጊዜ የኮሌጁን መዝገብ የተመለከተ ሰው ይህ ልጅ የቤዝቦልን ታሪክ ይለውጣል ብሎ ሊገምት አይችልም ነበር። የእያንዳንዱ ተማሪ ተጫዋች ውጤት በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው፤ የትኛው መዝገብ ነገ እንደሚፈለግ አይታወቅምና።

ሮቢንሰን እናቱን ለመርዳት ሳይመረቅ ወጣ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 42 ቁጥር ለብሶ ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰለፈ፤ በ1962 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ዶጀርስ ቁጥሩን ያሳረፉት ጁን 4 ቀን 1972 ነው። በስኳር በሽታ ዓይኑ ደክሞ ቢሆንም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ቆሞ ሰማ። ኦክቶበር 24 ሞተ። ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር የቀረው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የቤዝቦል ስታዲየሙን በስሙ የሰየመው በ1981 ነው። በ1997 ሜጀር ሊጉ 42ን ከሁሉም ክለቦች አሳረፈ፤ በኖቬምበር 2014 ዩኒቨርሲቲው በሁሉም የስፖርት ዓይነት እንዲሁ አደረገ፤ ምንም እንኳ ሮቢንሰን ተማሪ ሳለ ያን ቁጥር ለብሶት ባያውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኮሌጅ ቤዝቦል ራሱ አደገ። በ1947 የኮሌጆች ዋንጫ በሚቺጋን ካላማዙ ተጀመረና ካሊፎርኒያ ዬልን አሸነፈ፤ የዬል አንደኛ ቤዝ ጠባቂ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ ነበር። ውድድሩ ከ1950 ጀምሮ ኦማሃ ላይ ይካሄዳል። በጁን 1948 በካንሰር የተዳከመው ቤብ ሩት ወደ ዬል ሜዳ መጥቶ የሕይወት ታሪኩን ረቂቅ ለቡድኑ አምበል ለቡሽ አስረከበ። በዚያው ሰሞን ያንኪዎች ከጌሪግ 4 ቀጥሎ የሩትን 3 አሳረፉ፤ ሩት በኦገስት አረፈ። ከ1978 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ አማተር ተጫዋች ጎልደን ስፓይክስ የተባለ ሽልማት ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ የአሪዞና ስቴቱ ቦብ ሆርነር ነው። በ2006 የኮሌጅ ቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን አባላት ሲቀበል ሆርነርም፣ ዴቭ ዊንፊልድም፣ ሮቢን ቬንቹራም በሕይወት ኖረው ስማቸው ሲጠራ ሰሙ።

ሦስቱን ሕይወቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይፈርዳል። ሦስቱም ከኮሌጅ ሜዳ የተነሱ፣ ሦስቱም ሳይመረቁ የወጡ፣ ሦስቱም ክብር የሚገባቸው ነበሩ። ጌሪግ ምስጋናውን በጆሮው ሰማ፣ መልስም ሰጠ፤ የጁላይ 4 ንግግሩ እስከ ዛሬ የሚታወሰው መልስ የሰጠው ሰው በሕይወት ስለነበር ነው። ሮቢንሰን ከክለቡ ሰማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግን የስታዲየሙንም የቁጥሩንም ክብር ሳያይ አለፈ። ዎከር ምንም አልሰማም፤ ቀድሞ የመሰከረለት ሰው ቢኖር ኖሮ በ1887 የተዘጋው በር ምን ያህል ግፍ እንደነበር ለመናገር የአገሩ ስፖርት ያን ያህል ዓመት ባልፈጀበት ነበር። ስለዚህ የኮሌጅም ሆነ የክለብ ኃላፊ የሆነ አንባቢ ሁሉ ሁለት ነገር ያድርግ፤ ዛሬ የሚጫወቱትን ወጣቶች ስም፣ ዓመትና ውጤት ሳይጓደል ይመዝግብ፤ ትናንት የተጫወቱትን ደግሞ አድራሻቸውን ፈልጎ፣ ገና ራሳቸው መጥተው ሊቀበሉት በሚችሉበት ጊዜ፣ በሕዝብ ፊት ያመስግናቸው።